ፍቅሩ ከሎንዶን፣ ዕዳው ከጆሃንስበርግ

ሰው በአንድ ወቅት የወደደውን ቤት ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሲጎበኘው ትዝታው እንደ ነገረው ሆኖ አያገኘውም። ጠረጴዛውና ወንበሩ ከቦታቸው ባይነሡ እንኳ ያን ጊዜ ልቡን የሞላው ነገር ይጠፋበታል። ይህን የመሰለ ቅሬታ የማንም ሰው ገጠመኝ በመሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች እምብዛም አይመዘግቡትም። ሆኖም በኻያኛው መቶ ዓመት ስማቸው ጎልቶ ከተነሣ ሰዎች አንዱ የሆነው ሞሐንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ይህንኑ ቅሬታ ቀምሶታል፤ ዋጋውንም አንድ ሺህ ፓውንድ ከፍሎበታል። የታሪኩ መነሻ ሎንዶን፣ መካከሉ ጆሃንስበርግ፣ መደምደሚያውም እንደገና ሎንዶን ሲሆን፣ የሚያጠነጥነው ሥጋ በማይቀርብባቸው ምግብ ቤቶች ዙሪያ ነው።

ጋንዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. በምዕራብ ሕንድ ፖርባንዳር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ የቪሽኑን አምልኮ የሚከተል የሂንዱ ቤተሰብ ስለ ነበረ ሥጋ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። እናቱ ፑትሊባይ ጾምን አጥብቃ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ወጣቱ ጋንዲ ግን ገና ተማሪ ሳለ ከአንድ ጓደኛው ጋር እየተደበቀ የፍየል ሥጋ በልቷል። ጓደኛው ያግባባው እንግሊዞች ሕንድን ለመግዛት የቻሉት ሥጋ በመብላታቸው ብርቱዎች ስለሆኑ ነው፤ ሕንዶችም ሥጋ ቢበሉ ቅኝ ገዥዎቻቸውን ያባርራሉ በማለት ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ፍየሏ ከሆዱ ውስጥ የምትጮኽ እየመሰለው እንቅልፍ አልወሰደውም። ነገሩ አንድ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ አቆመ። ያቆመበት ምክንያት ግን ሥጋ መብላት ክፉ ነው ብሎ ስላመነ አልነበረም። እናትና አባቱን መዋሸት ስለ ከበደው ብቻ ነበር። እነርሱ ካለፉ በኋላ ግን በይፋ እንደሚበላ በልቡ ቈርጦ ነበር።

በ1888 ለሕግ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ በተነሣ ጊዜ እናቱ ሠጋች። ልጇን የምታሰናብተው በአንድ የጃይን ሃይማኖት መነኩሴ ፊት መሐላ ከፈጸመ ብቻ መሆኑን ገለጸች። በዚህም መሠረት ወይን ጠጅ፣ ሴትና ሥጋ እንዳይነካ ማለ። በሴፕቴምበር 4 ቀን 1888 ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ከቦምቤይ በመርከብ ሲነሣ ዕድሜው ገና ዐሥራ ዘጠኝ አልሞላም ነበር። ይዞት የሄደው መሐላ የእናቱ እንጂ የራሱ እምነት አልነበረም።

ሎንዶን እንደ ደረሰ ረኃብ ያዘው። ሽሮና ምስር በየጓዳው በሚገኝበት በኢትዮጵያ ላደገ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ ሊመስለው ይችላል። በዚያ ዘመን በእንግሊዞች ገበታ ላይ ግን አትክልት የሥጋ አጃቢ እንጂ ራሱን የቻለ ወጥ አልነበረም። ያለ ቅመም በውሃ ተቀቅሎ ከመቅረቡ የተነሣ በሕንድ ቅመም ላደገ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ አልሆነም። ጋንዲ ጠዋት የአጃ ገንፎ፣ ምሳና ራት የተቀቀለ ቅጠልና ዳቦ በማርማላታ ይበላ ነበር። ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራሽ በላይ ዳቦ መጠየቅ ነውር እየመሰለው ጦሙን ያድራል። አብሮት የተቀመጠ አንድ ወዳጁ ማንበብና መጻፍ ለማትችል እናት የተሰጠ መሐላ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም እያለ ዕለት ተዕለት ይሟገተው ነበር። ጋንዲ የሚመልሰው ክርክር አልነበረውም፤ መልሱ መሐላ መሐላ ነው የሚል ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ በምዕራብ ኬንሲንግተን ቤት ተከራየ። የቤቱ ባለቤት የሆነች መበለት በከተማው ውስጥ ሥጋ የማያቀርቡ ምግብ ቤቶች መኖራቸውን ነገረችው። ጋንዲ እነርሱን ፍለጋ በየቀኑ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ማይል ያህል በእግሩ ይጓዝ ጀመር። በመንገዱ በርካሽ ምግብ ቤት ገብቶ ሆዱን በዳቦ ይሞላል፤ ነገር ግን አይጠግብም። በዚህ ሁኔታ ሲዞር አንድ ቀን በፋሪንግደን ጎዳና የሚፈልገውን ቤት አገኘ። የተሰማውን ደስታ በግለ ታሪኩ ሲያስረዳ ያነጻጸረው ሕፃን ልጅ ልቡ የተመኘውን ነገር ባገኘ ጊዜ ከሚሰማው ደስታ ጋር ነው።

ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን በበሩ አጠገብ በመስተዋት ውስጥ ለሽያጭ የተደረደሩ መጻሕፍት ዓይኑን ሳቡት። ከእነርሱም መካከል ሄንሪ ሶልት የጻፈውና ሥጋ ያለመብላትን ነገር የሚሟገተው መጽሐፍ ይገኝ ነበር። ጋንዲ መጽሐፉን በአንድ ሺሊንግ ገዝቶ በቀጥታ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ገባ። እንግሊዝ አገር ከደረሰ ጀምሮ ሆዱ እስኪሞላ የበላው የመጀመሪያ ምግብ በዚያ የቀረበለት ነበር። መጽሐፉንም ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥጋ የማይበላው በመሐላ ታስሮ ሳይሆን በራሱ ምርጫ መሆኑን ኋላ ጽፏል። ከዚያ ቀደም ሕዝቡ ሁሉ ሥጋ በሊታ ቢሆን ይመኝ የነበረው ወጣት አሁን የተቃራኒው ሐሳብ ሰባኪ ሆነ።

እንግዲህ የዚያ ቤት ውለታ ሁለት ነበር፤ አንዱ ለሆዱ፣ አንዱ ለአእምሮው። ጋንዲ ኋላ በተመሳሳይ ቤቶች ላይ የጣለውን ተስፋ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያሻል። በልቡ የቀረው የወጡ ጣዕም ብቻ አልነበረም። ባዕድ በሆነበት፣ በሚያፍርበትና በሚራብበት ከተማ እምነቱን እንደ ነውር የማይቈጥር ቤት ማግኘቱ ጭምር ነበር።

ጋንዲ ብዙም ሳይቈይ የአኗኗሩን ወጪ መቀነስ ጀመረ። ቁርሱንና ራቱን በገዛ ክፍሉ እያዘጋጀ፣ ምሳውን ብቻ ውጭ እየበላ፣ ለምግብ በቀን ከ1 ሺሊንግ ከ3 ፔኒ በላይ ሳያወጣ መኖር ቻለ። ከአገር ቤት ይላክለት የነበረውንም ቅመም ተወ። ቀድሞ ሊውጠው ያልቻለው ተቀቅሎ የሚቀርብ ቅጠል አሁን እየጣፈጠው ሄደ። ከዚህም ተሞክሮው የጣዕም እውነተኛ ስፍራ ምላስ ሳይሆን አእምሮ መሆኑን ተረዳ። ይህች ግኝት የአንድን ምግብ ቤት መወደድም ሆነ መጠላት የምታስረዳ ናት።

በሎንዶን የገጠመው ሁሉ ግን ደስታ አልነበረም። አንድ ወዳጁ ወደ ቴአትር ሊወስደው አስቦ በመጀመሪያ ሆልቦርን ወደሚባለው ታላቅ ምግብ ቤት ጋበዘው። ጋንዲ ሾርባ በቀረበ ጊዜ ከምን እንደ ተሠራ ለመጠየቅ አሳላፊውን ጠራ። ወዳጁ በዚህ ተቈጥቶ ለጨዋ ሰዎች ጉባኤ የማይመች መሆኑን ነገረውና፣ ሌላ ቦታ በልቶ ደጅ እንዲጠብቀው አሰናበተው። በአቅራቢያው የነበረው ሥጋ የማያቀርብ ምግብ ቤት በዚያ ሰዓት ተዘግቶ ነበር። ጋንዲ ጦሙን ወደ ቴአትሩ ሄደ።

በዚሁ ሆልቦርን ምግብ ቤት ከጊዜ በኋላ የሆነው ነገር የዚህን ተቃራኒ ነው። ጋንዲ በ1888 በተመሠረተው የሎንዶን አትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር ገብቶ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ተመርጦ ነበር። ትምህርቱን ፈጽሞ በጁን 1891 ወደ አገሩ ሊመለስ በተነሣ ጊዜ ለወዳጆቹ የስንብት ራት አዘጋጀ። ራቱን ያደረገው ሥጋ በማይቀርብበት ቤት አልነበረም። ሥጋ በሚቀርብበት በሆልቦርን አዳራሽ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋግሮ አንድም ሥጋ ያልነካው ገበታ አሰናዳ። በአንድ ወቅት ከደጅ እንዲቆም የተደረገበት ቤት ለአንድ ሌሊት በእርሱ እምነት ሥርዐት አስተናገደ። ለንግግር በተነሣ ጊዜ ግን ዓይነ አፋርነቱ አሸነፈው፤ ያሰናዳው ቀልድ ጠፍቶበት በአጭሩ አመስግኖ ተቀመጠ።

ቦምቤይ ሲደርስ ወንድሙ መርዶ ነገረው። እናቱ ፑትሊባይ እርሱ ሎንዶን ሳለ ሞታለች፤ በባዕድ አገር እንዳይደነግጥ ተብሎ ተደብቆበት ነበር። መሐላውን ጠብቆ መመለሱን ሊነግራት የናፈቃት እናት አልነበረችም። ከእንግዲህ ወዲያ ሥጋ ያለመብላቱ ጉዳይ በእርሱና በኅሊናው መካከል የቀረ ሆነ።

በ1893 ጋንዲ በአንድ የንግድ ክርክር ጠበቃ ሆኖ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በዚያ የሚኖሩ ሕንዶች የሚደርስባቸውን የዘር መድልዎ ተመልክቶ ትግል ጀመረ። በ1903 ጆሃንስበርግ ላይ የጥብቅና ቢሮ ከፈተ። በወርቅ ማዕድን በበለጸገችው በዚያች ከተማ አንድ ጀርመናዊ ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት ያካሂድ ነበር። ሰውዬው ኩነ የተባለው የአገሩ ሰው ያስተማረውን በውሃ የማከም ዘዴ የሚከተል ነበር። ጋንዲ ቤቱን አዘወተረ። እንግሊዛውያን ወዳጆቹንም እያስከተለ ገበያ ሊያገኝለት ሞከረ። በፋሪንግደን ጎዳና የተደረገለትን ለሌሎች ለማድረግ የፈለገ ይመስላል።

ነገር ግን በዚህ ጊዜ ጋንዲ እንደ ቀድሞው የተራበ ተማሪ አልነበረም። ሒሳብ የሚመረምር፣ ደንበኞች ያሉት ጠበቃ ሆኗል። ስለዚህ ቀድሞ ያላያቸውን ነገሮች አየ። ቤቱ ዘወትር የገንዘብ ችግር ነበረበት። ጋንዲ ይገባዋል ያለውን ያህል ረዳው፤ ከኪሱም አወጣለት። በመጨረሻ ግን ቤቱ ተዘጋ።

ከዚያም ሌላ ሙከራ ተከተለ። ቴዎሶፊ ከሚባለው ማኅበር አባላት መካከል ሥጋ የማይበሉ ብዙዎች ነበሩ። ከእነርሱ ወገን የሆነች አንዲት ሴት በአነስተኛ ደረጃ የጀመረችውን ምግብ ቤት ወደ ሰፊ አዳራሽ ለማዛወር አሰበች። ሴትዮዋ ጥበብ ወዳድና ወዳጆቿ የበዙ ነበረች። ነገር ግን በገንዘብ አያያዝ አባካኝ ነበረች፤ ሒሳብም አታውቅም ነበር። ይህን የጻፈው ጋንዲ ራሱ ነው፤ ሆኖም ገንዘብ እንዲያበድራት በጠየቀችው ጊዜ ያቀረበችውን ግምት ትክክለኛ አድርጎ ከመቀበል በቀር አልመረመረም። ሙግት በሆነ ነገር ሁሉ ማስረጃ የሚያገላብጠው ጠበቃ በወደደው ጉዳይ ላይ ማስረጃ አልጠየቀም።

ገንዘቡም የራሱ አልነበረም። ደንበኞቹ ከፍ ያለ ገንዘብ በአደራ ያስቀምጡበት ነበር። ከእነርሱም አንዱ ባድሪ ይባላል። ባድሪ ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣው በውል ሠራተኛነት ነው። ይህ ሥርዐት ሕንዳዊውን ወዛደር ለዓመታት ለአንድ አሠሪ የሚያስር ሲሆን፣ በናታል ውሉን ፈጽሞ ነጻ ሰው ሆኖ ለመኖር የሚፈልገው ደግሞ በ1895 በወጣው ሕግ መሠረት በየዓመቱ 3 ፓውንድ ግብር እንዲከፍል ይገደድ ነበር። ከዚህ ወገን የወጣ ሰው ያጠራቀመው ገንዘብ ምን ያህል ላብ እንደ ፈሰሰበት መገመት አያስቸግርም። ጋንዲ ነገሩን ባማከረው ጊዜ ባድሪ ስለ እንዲህ ያለ ጉዳይ ምንም እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው ጋንዲን ብቻ እንደ ሆነ፣ ከወደደም ገንዘቡን ሊሰጥ እንደሚችል መለሰለት። ጋንዲ ይህን ቃል እንደ ሙሉ ፈቃድ ቈጥሮ ወደ አንድ ሺህ ፓውንድ ያህል አበደረ።

የገንዘቡን መጠን ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። ጋንዲ ሎንዶን ሳለ ለምግብ በቀን 1 ሺሊንግ ከ3 ፔኒ ያወጣ ነበር። አንድ ሺህ ፓውንድ 20,000 ሺሊንግ ነው። በተማሪነት ዘመኑ ልክ ቢኖር ኖሮ ይህ ገንዘብ ለ16,000 ቀናት፣ ማለትም ከ43 ዓመት በላይ ይቀልበው ነበር።

ሁለት ወይም ሦስት ወር ሳይሞላ ገንዘቡ የማይመለስ መሆኑ ታወቀ። ባድሪ ክስ አላቀረበም፤ ክፉ ቃልም አልተናገረም። ጋንዲን ይበልጥ የከበደውም ይኸው ነበር። ባድሪ ያመነው የምግብ ቤቱን ባለቤት ሳይሆን እርሱን ነውና፣ ጉድለቱን ከራሱ ገንዘብ ሞላለት። በሌላ ተግባር ላይ ሊያውለው ይችል የነበረውን ሀብት ዕዳው ወሰደበት።

ስለ ነገሩ የሰማ አንድ ሌላ ደንበኛው በወንድምነት ቃል ገሠጸው። የግሣጼው ፍሬ ነገር እንዲህ ነበር። ደንበኞች ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡት ጋንዲን ስለሚያምኑ ነው፤ እርሱም ባድሪን ይክሳል እንጂ አያጠፋበትም። ነገር ግን የወደደውን የለውጥ ሥራ ሁሉ በደንበኞች ገንዘብ ሊደግፍ ከጀመረ ደንበኞቹ ይጎዳሉ፤ እርሱም ይደኸያል፤ ሕዝቡን የሚያገለግልበትም ሥራ ይቆማል። ጋንዲ ተግሣጹ ትክክል መሆኑን ተቀበለ። በገዛ ራሱ እምነት ስም የሌላውን ሰው ገንዘብ አደጋ ላይ መጣል ስሕተት እንደ ነበረ በግለ ታሪኩ ሳይሸሽግ ጽፎታል። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው አባባል ለዚህ ተስማሚ ነው።

ከዚህ በመነሣት በጆሃንስበርግ የተደረገው ሁሉ ኪሳራ ነበር ማለት ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ መናገር ይሆናል። አልበርት ዌስት የሚባል የአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ባልደረባ ጋንዲን ያወቀው በጆሃንስበርግ ሥጋ በማይቀርብበት ምግብ ቤት ነበር። ማታ ማታ አብረው ከበሉ በኋላ በእግር ይሸራሸሩ ነበር። በ1904 በከተማው የሕንዶች መኖሪያ ቸነፈር በገባ ጊዜ ጋንዲ ሕሙማንን ያስታምም ስለ ነበር ሌሎች ተመጋቢዎችን ላለማስጋት ሲል ከገበታው ራቀ። ዌስት በተለመደው ሰዓት ቢያጣው ጊዜ ሠግቶ ሊፈልገው መጣ፤ ለማስታመምም ዝግጁ መሆኑን ነገረው። ጋንዲም በደርባን ይታተም የነበረውን «ኢንዲያን ኦፒኒየን» የተባለውን ጋዜጣ ማተሚያ ቤት እንዲያስተዳድር ጠየቀው።

ሄንሪ ፖላክም እንዲሁ ነው። የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ምክትል አዘጋጅ የነበረው ይህ ወጣት እንግሊዛዊ በምግብ ቤቱ ውስጥ ራቅ ካለ ጠረጴዛ ተቀምጦ ሳለ ሊያነጋግረው እንደሚፈልግ በካርድ ጽፎ ላከለት። በዚያው ዓመት ጋንዲ ወደ ደርባን ሲጓዝ ፖላክ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝቶት ጆን ረስኪን ስለ ኢኮኖሚና ስለ ሥራ ክቡርነት የጻፈውን መጽሐፍ ሰጠው። ጉዞው 24 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ጋንዲ መጽሐፉን ከእጁ ሳያኖር አነበበውና ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ አደረ። ወዲያውም ማተሚያ ቤቱን ወደ ገጠር አዛውሮ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ በእጃቸው እየሠሩ እኩል የሚኖሩበትን የፊኒክስ ሠፈር መሠረተ። ለሠፈሩ በመጀመሪያ 20 ኤከር፣ ቀጥሎም 80 ኤከር መሬት ተገዛ። የጠቅላላው መሬት ዋጋ አንድ ሺህ ፓውንድ ነበር።

ሁለቱ ሂሳቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያስደንቃሉ። አንዱ ሺህ ፓውንድ ለሰፊ አዳራሽ ወጥቶ ባክኖ ቀረ። ሌላው ሺህ ፓውንድ መሬት ሆነ፤ በመሬቱም ላይ ሰዎች ሠሩ፣ ጋዜጣ ታተመ፣ የትግል ጓዶች ወጡ። ባድሪም ቢሆን በጋንዲ ላይ የነበረው እምነት አልተናወጠም፤ በኋላ በደቡብ አፍሪካው ሰላማዊ ተቃውሞ ከፍ ያለ ድርሻ ይዞ እስራት ተቀብሏል። አደራው ተመልሶለት ባይሆን ኖሮ ይህ መሆኑ ያጠራጥር ነበር።

በ1931 ጋንዲ ስለ ሕንድ የወደፊት ዕጣ በተጠራው ጉባኤ ለመገኘት ወደ ሎንዶን ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ዓለም የሚያውቀው መሪ ነበር። ያረፈው በታላላቅ ሆቴሎች ሳይሆን በከተማዋ ምሥራቅ በወዛደሮች ሠፈር በኪንግስሊ ሆል ነበር። በኖቬምበር 20 ቀን የቀድሞ ማኅበሩ፣ የሎንዶን አትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር፣ ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ ተገኘ። አጠገቡ አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፤ ያም ሽማግሌ በፋሪንግደን ጎዳና በር ላይ በአንድ ሺሊንግ የተሸጠው መጽሐፍ ደራሲ ሄንሪ ሶልት ነበር።

ጋንዲ በንግግሩ ያንን መጽሐፍ አስታወሰ። ከወረሰው ልማድና ከእናቱ መሐላ ውጭ ሥጋ ያለመብላትን ምክንያት ያሳየው እርሱ መሆኑን መሰከረ። የወጣትነቱን ጓዶች ግን አላወደሰም። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ አትክልት ተመጋቢዎች ከምግብና ከበሽታ በቀር ሌላ ወሬ እንዳልነበራቸው፣ ለጤና ብቻ ብለው የገቡበትም አብዛኛውን ጊዜ ሳይጸኑ መቅረታቸውን ተናገረ። ለእምነቱ የሚያስፈልገው የግብረ ገብ መሠረት እንደ ሆነም አስረዳ።

አርባ ዓመት ያለፈው ትዝታ በዚህ ንግግር ውስጥ ተመዝኖ ቀርቧል። ጋንዲ ለዚያ ገበታ የነበረው ፍቅር ጓደኞቹ ያልነበራቸውን ጥልቀት አልሰጣቸውም። ጆሃንስበርግ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያቆመው የሞከረው ነገር ሊቆም ያልቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ምግብ ቤት በደንበኛው ትዝታ አይተዳደርም፤ ኪራይ፣ ማገዶና የሠራተኛ ደመወዝ አለበት። ፋሪንግደን ጎዳና ላይ ልቡን የሞላው ነገር ደግሞ በወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻ የተዘጋጀ አልነበረም። ግማሹን ይዞት የገባው ረኃቡ፣ ግማሹን በበሩ አጠገብ የገዛው መጽሐፍ አዘጋጅቶታል። ረኃቡ በዚያው ቀን ጠፋ፤ ዳግመኛም በዚያ መልክ ሊመጣ አልቻለም። መጽሐፉ ግን የአንድ ሺሊንግ ዕቃ ሆኖ ሳለ በ1931 ዓ.ም. ደራሲውንና አንባቢውን በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ።